ያገኘሁት «ኤ» ወደ «ኤፍ» ዝቅ እንዲልልኝ ስለመጠየቅ

ለክቡር የቢዝነስ ፋኩልቲ ዲን
ሦስተኛ ፎቅ፣ ምንጣፍ ባለው ቢሮ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሞ እንደምን ሰንብተዋል? ጤናዎ እንዴት ነው? ባለፈው ወር የሽልማቱ ዕለት ንግግር ሲያደርጉ ሦስት ጊዜ ያቋረጥዎት ያ ክፉ ሳል ለቀቀዎት ወይ? ቤተሰብዎ፣ የሥራ ባልደረቦችዎ፣ አዲሱ ምንጣፍዎ ሁሉም ደኅና እንደሆኑ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ በበኩሌ ከአንድ ነገር በቀር ፍጹም ደኅና ነኝ፤ እርሱም እርስዎ በገዛ እጅዎ ያጸደቁልኝ «ኤ» ነው። እህል ውሃ አላስቀምስ ብሎኛልና እንዲወስዱልኝ ከእግርዎ ሥር ወድቄ እለምናለሁ።

ይህን ደብዳቤ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የለጠፍኩት ክብርዎን ለመዳፈር ነው ተብሎ እንዳይታሰብብኝ። ቀደም ሲል በታሸገ ፖስታ ያስገባኋቸው ሦስት ደብዳቤዎች በጸሐፊዎ ጠረጴዛ ላይ ባለው አረንጓዴ ሳጥን ውስጥ ተደራርበው በሰላም ተኝተው ስላየኋቸው፣ እነሱን መቀስቀስ ነውር መስሎ ስለታየኝ ነው። ሰሌዳው ደግሞ እርስዎ ወደ መኪናዎ ሲሄዱ በየቀኑ የሚያልፉበት ስለሆነ፣ ሌላው ቢቀር ቆም ብለው ያነቡታል ብዬ ተስፋ አደረግሁ። ጓደኞቼ ግን ኤ አግኝቶ የሚያለቅስ ሰው በዕድሜያቸው አይተው እንደማያውቁ ነግረውኝ፣ አርፌ እንድቀመጥ መክረውኛል።

ጉዳዩን ለማያውቅ አላፊ አግዳሚ ራሴን ላስተዋውቅ። የሰው ኃይል አስተዳደር የአራተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። በዚህ ትምህርት ክፍል ሰውን መቅጠር፣ መመዘን፣ ማበረታታትና ማሰናበት በአራት የተለያዩ ኮርሶች ተምሬአለሁ፤ ሰውን ሰላም ማለት በየትኛውም ኮርስ ስላልተካተተ እስከ ዛሬ ከቤት ይዤው በመጣሁት ነው የምጠቀመው።

ነገሩ ባጭሩ እንዲህ ነው። በተግባር ልምምዴ ጊዜ በጻፍኩት ጥናት ምክንያት፣ ሃያ ስድስት ዓመት የሠሩ አንዲት እናት ከሥራ ሊሰናበቱ ነው። ጥናቱ ስሕተት ነው፤ የተሳሳትኩትም እኔ ነኝ። ያቀረቡት ቅሬታ የፊታችን ሐሙስ ከጠዋቱ በሦስት ሰዓት ይታያል። ጥናቱ ስሕተት መሆኑን የሚገልጽ አንድ ወረቀት ከእርስዎ ቢሮ ከወጣ ይተርፋሉ፤ ካልወጣ አይተርፉም።

ቅሬታ በቁጥር ተለይቶ እንደሚቀርብ በደብዳቤ አጻጻፍ ኮርስ ተምረናል። ይሁን እንጂ እርስዎን የመሰለ ሰው ፊት «ቅሬታ» የሚለው ቃል ከአፌ ስለማይወጣ ሁሉንም «ምስጋና» ብዬ ሰይሜዋለሁ። ልዩነቱ ከእርስዎ አይሰወርም።

ምስጋና አንድ፤ ስለ ቅጹ።

ፋኩልቲው ለተለማማጅ ተማሪዎች ስላዘጋጀው የሥራ ምልከታ ቅጽ ከልብ አመሰግናለሁ። በቅጹ አሠራር መሠረት ተማሪው አንድ ሠራተኛ ይመርጥና ለአምስት ቀን አጠገቡ ይቀመጣል፤ በየዐሥር ደቂቃው ቀና ብሎ ያየዋል፤ ሠራተኛው በዚያች ቅጽበት የሚያደርገውን ከአምስት ዓምዶች በአንዱ ሥር ምልክት ያደርግበታል። ዓምዶቹ «ይጽፋል»፣ «ያነባል»፣ «ይንቀሳቀሳል»፣ «ስብሰባ ላይ ነው» እና «ሥራ ፈት ነው» የሚሉ ናቸው። ስድስተኛ ዓምድ የለም። የሰውን ልጅ ሥራ ሁሉ በአምስት ዓምድ ጠቅልሎ የጨረሰው ሊቅ ማን ይሆን ብዬ ስገረም፣ በቅጹ ግርጌ ያለው ፊርማ የእርስዎ ሆኖ አገኘሁት።

የተመደብኩት ብርድ ልብስ በሚያመርት ፋብሪካ የሰው ኃይል ክፍል ውስጥ ነበር። የመጀመሪያውን ሳምንት ወንበር ስፈልግ፣ ሁለተኛውን ሳምንት ወረቀት ስበሳ አሳለፍኩት። በሦስተኛው ሳምንት የክፍሉ ሥራ አስኪያጅ ድንገት ዓይናቸው እኔ ላይ አረፈና ይህች ልጅ ምንድን ነው የምትሠራው ብለው ጠየቁ፤ የሚመልስላቸው ሰው ስለጠፋ ወደ መዝገብ ቤት ተላክሁ።

መዝገብ ቤቱ ከኮሪደሩ መጨረሻ፣ ከመጸዳጃ ቤቱ ቀጥሎ ያለ፣ አንድ መስኮትና አርባ ሁለት መደርደሪያ ያለው ጠባብ ክፍል ነው። የስድስት መቶ አርባ ሠራተኞችና ከእነሱ በፊት የነበሩት ሁሉ ማኅደር በካርቶን አቃፊ፣ በክር ታስሮ እዚያ ተደርድሯል። በመካከሉ አንዲት ጠረጴዛ አለች፤ ከጠረጴዛዋ ኋላ ደግሞ ፋብሪካው በሙሉ «እትዬ መዝገብ» የሚላቸው ሴት ይቀመጣሉ። እትዬ መዝገብ ወፍራም መነጽር ያደርጋሉ፤ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ካልቸገራቸው አይነሡም፤ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣጥፈው ነው የሚቀመጡት። የኔም ጥፋት የሚጀምረው ከዚሁ አቀማመጥ ነው።

ቀኑን ሙሉ ሰው ይመጣባቸዋል። የሽመና ክፍሉ ሠራተኛ የዓመት ፈቃዱ ስንት ቀን እንደቀረው ይጠይቃል፤ ሹፌሩ የልጁ የልደት ማስረጃ ቅጂ ማኅደሩ ውስጥ ይኑር አይኑር ማወቅ ይፈልጋል፤ ጡረታ የወጣ ሽማግሌ መጀመሪያ የተቀጠረበት ቀን ጠፍቶት ይመጣል። እትዬ መዝገብ ሳይነሡ፣ መደርደሪያ አሥራ ሰባት፣ ከላይ ሁለተኛው፣ ጀርባው የተቀደደው ነው ይላሉ፤ ሰውየው ሄዶ ያነሣዋል፤ ልክ ነው። እኔ በየዐሥር ደቂቃው ቀና ስል እጃቸው ጭናቸው ላይ ነው። አይጽፉም፣ አያነቡም፣ አይንቀሳቀሱም።

በሦስተኛው ቀን የሥራ አስኪያጁ ጸሐፊ ከሥራ ለቀረ ሠራተኛ የተጻፈ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ይዛ መጣች፤ ማኅደሩ ውስጥ ልታስገባ። እትዬ መዝገብ ስሙን ሰምተው አስቆሟት። በዚያ ስምና በዚያው የአባት ስም ሁለት ሰዎች እንዳሉ፣ የቀረው ማቅለሚያ ክፍል ያለው እንደሆነ፣ ይህ የፈትል ክፍሉ ልጅ ግን ሚስቱ ሆስፒታል ተኝታ በፈቃድ የሄደ መሆኑን፣ የፈቃዱንም ወረቀት ራሳቸው ማኅደሩ ውስጥ እንዳስገቡት ነገሯት። ጸሐፊዋ ደንግጣ ደብዳቤውን መልሳ ይዛ ወጣች። አንድ ሰው እንጀራውን ሊያጣ ለጥቂት ተረፈ ማለት ነው። እኔም በዚያች ደቂቃ ሰዓቴን አየሁ፣ ዐሥር ደቂቃው ሞልቷል፣ ቀና አልኩ፣ እጃቸው ጭናቸው ላይ ነው፤ «ሥራ ፈት» በሚለው ሥር ምልክቴን አደረግሁ። በእስክሪብቶ ነው ያደረግሁት፤ እርሳስ በመመሪያው አይፈቀድም።

በአምስቱ ቀን ውስጥ ካደረግሁት ሁለት መቶ አርባ ምልክት መቶ ስልሳ ሦስቱ «ሥራ ፈት» ሆነ። ስልሳ ስምንት ከመቶ።

ምስጋና ሁለት፤ ስለ ስብሰባ።

ደንቆሮ አይደለሁምና ነገሩ ከነከነኝ። እትዬ መዝገብ ሰው ሲያነጋግሩ እንደ ስብሰባ ይቆጠርልኝ እንደሆነ ለሥራ ትንተና መምህራችን ስልክ ደውዬ ጠየቅሁ። መምህራችን፣ ዕድሜ ይስጣቸው፣ ጥያቄውን በጥሞና ካዳመጡ በኋላ ቃለ ጉባኤ ተይዞ እንደሆነ ጠየቁኝ። አልተያዘም አልኩ። ቃለ ጉባኤ የሌለው ነገር ወሬ እንጂ ስብሰባ እንደማይባል፣ ወሬ ደግሞ የት ዓምድ እንደሚገባ ራሴ እንደማላጣው ነግረውኝ ስልኩን ዘጉት። ስለ ግልጽ መመሪያቸው እጅ እነሣለሁ።

ከመዝገብ ቤቱ ፊት ለፊት ባለው የመስታወት ክፍል ውስጥ ሥራ አስኪያጁ በዚያው ዕለት ከጠዋት ጀምሮ እስከ ምሳ ስብሰባ ላይ ነበሩ። አገጫቸው ደረታቸው ላይ አርፎ፣ አፋቸው ትንሽ ከፈት ብሎ፣ እስክሪብቶዋቸው ከጣታቸው አምልጦ ምንጣፉ ላይ ወድቆ ይታይ ነበር። በእርስዎ ቅጽ መሠረት መቶ በመቶ ሥራ ላይ ናቸው፤ ቃለ ጉባኤም ተይዟል።

ምስጋና ሦስት፤ ስለ መጨረሻው ምዕራፍ።

የጥናቱ የመጨረሻ ምዕራፍ ቢያንስ አንድ «በቁጥር ሊለካ የሚችል ማሻሻያ» እንዲይዝ መመሪያው ያስገድዳል። እኔም የመዝገብ ቤት የሥራ መደብ ታጥፎ ተግባሩ ለጸሐፊዋ ቢደረብ የፋብሪካው የሥራ ጊዜ እንደሚቆጠብ አንዲት ዓረፍተ ነገር ጻፍኩ። እዚህ ላይ እርስዎን አልወቅስም። ማንም በሽጉጥ አላስገደደኝም። እንዲያውም ደስ ብሎኝ ነበር የጻፍኩት፤ ቁጥሩ ሞልቶ፣ ሰንጠረዡ አምሮ፣ ዓረፍተ ነገሩ ልክ እንደ መጽሐፍ ሆኖልኝ ስለነበር ራሴን ወደድኩት። ከእኚያ ሴት ጠረጴዛ ላይ ለአምስት ቀን ምሳ ተካፍዬ በልቼ ነው ዓይኔን በጨው አጥቤ እንዲህ የጻፍኩት። ሳስበው አሁንም ፊቴ በእፍረት ይቃጠላል።

እርስዎም ኤ ሰጡኝ። በዚህ ብቻ አላበቁም፤ የዓመቱ ምርጥ የተግባር ጥናት ብለው ምስክር ወረቀት ሸለሙኝ፤ የጥናቱን ቅጂ ለፋብሪካው ላኩለት፤ ፎቶግራፌን በፋኩልቲው መጽሔት አወጡት። እናቴ ልብስ ሰፊ ናት። ምስክር ወረቀቱን በመስታወት አስገብታ ከስፌት መኪናዋ ፊት ለፊት ሰቀለችው። ደንበኛ ሲመጣ መጀመሪያ ወረቀቱን ያነባል፣ ከዚያ ነው የሚለካው። አንድ ሰውዬ መነጽሩን ረስቶ ስለመጣ ራሷ እያነበበች አሰምታዋለች።

ምስጋና አራት፤ ስለ ሳይንስ።

የዛሬ ሦስት ሳምንት ፋኩልቲው ለፋብሪካው የጻፈውን የምስጋና ደብዳቤ እንዳደርስ ተላክሁ። እግረ መንገዴን እትዬ መዝገብን ሰላም ልበል ብዬ ብገባ፣ ወረቀት ይዘው መነጽራቸውን እያወለቁና እያደረጉ ቁጭ ብለዋል። ሲያዩኝ ፊታቸው በራ። የልጅ ያህል ስመውኝ አስቀመጡኝና ወረቀቱን ሰጡኝ።

ደብዳቤው «በዩኒቨርሲቲ በተካሄደ ሳይንሳዊ ጥናት» የሥራ ጊዜያቸው ስልሳ ስምንት ከመቶ ያለ ሥራ እንደሚያልፍ ስለተረጋገጠ የሥራ መደባቸው መታጠፉን፣ ቅሬታ ካላቸው እስኪታይ ድረስ ከቤታቸው እንዲቆዩ ይገልጻል። ጡረታ ሊወጡ አራት ዓመት ነው የቀራቸው። ነርስነት የምትማር የሟች እህታቸውን ልጅ የሚያስተምሩት እሳቸው ናቸው። አንብቤ ሳልጨርስ እንዲህ ብለው ጠየቁኝ፦

«ልጄ፣ አንቺ የተማርሽ ነሽ። እነዚህ ያጠኑኝ ሰዎች እዚህ የመጡት መቼ ነው? እኔ እኮ አንድም ቀን አላየኋቸውም።»

ክቡር ሆይ፣ በአራት ዓመት ውስጥ ብዙ ፈተና ተፈትኛለሁ፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ ግን ወጥቶብኝ አያውቅም። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምንኛ ደስ ባለኝ ነበር። ያጠናኋቸው እኔ እንደሆንኩ፣ ያ ሁልጊዜ ጭኔ ላይ የማስቀምጠው ወረቀት ምን እንደነበረ፣ ሰዓቴንም ለምን እንደማይ አንድ በአንድ ነገርኳቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። ከዚያ ስንት እንዳገኘሁበት ጠየቁኝ። ኤ አልኳቸው።

«ጎበዝ» አሉኝ።

የሚያሾፉብኝ መስሎኝ ቀና ብዬ አየኋቸው። የምራቸውን ነበር። ቢሰድቡኝ ኖሮ ይሻለኝ ነበር፤ ወጥቼ ደረጃው ላይ ተቀምጬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ምስጋና አምስት፤ ስለ በሮች።

ዕንባዬን ጠርጌ ወደ ፋብሪካው ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ ሰብሳቢ ሄድኩ። ሰብሳቢው የድሮ ሸማኔ ናቸው፤ ሰው ናቸው። አዳመጡኝ፤ አዘኑ። ነገር ግን የዩኒቨርሲቲን ጥናት በአንዲት ተማሪ ቃል መሻር እንደማይችሉ፣ ዩኒቨርሲቲው ራሱ ስሕተት ነው ብሎ ከጻፈ ወይም ጥናቱን ከጣለው ግን ያን ጊዜውኑ ወደ ጎን እንደሚያደርጉት ቃል ገቡልኝ።

ደስ ብሎኝ ወደ ሬጅስትራር በረርኩ። በሦስተኛው መስኮት ያለችው ሠራተኛ የውጤት ቅሬታ ማቅረቢያ ቅጽ ሰጠችኝ። ቅጹ ላይ «ውጤቴ ከፍ እንዲልልኝ» የሚል እንጂ ሌላ ነገር የለበትም። ዝቅ እንዲልልኝ ነው የምፈልገው ስላት ግንባሬን በዓይኗ ለካችውና ትኩሳት እንዳለኝ ጠየቀችኝ። ከኋላዬ ከዲ ወደ ሲ ለመውጣት የተሰለፉ ዐሥራ አንድ ልጆች ነበሩ፤ እነሱም ኤውን እንዳካፍላቸው በጨዋነት ጠየቁኝ። «ከፍ» የሚለውን ሰርዤ «ዝቅ» ብዬ ጻፍኩበት። በማግስቱ ስርዝ ድልዝ ያለበት ቅጽ ተቀባይነት የለውም ተብሎ ተመለሰልኝ።

ወደ መምህራችን ሄድኩ። እሳቸውም በትዕግሥት አስረዱኝ፦ ቅጹ በፋኩልቲው የጸደቀ ስለሆነ አይሳሳትም፤ ስሕተት ካለ የተሳሳተችው ተማሪዋ ናት፤ ተማሪዋ ተሳስታ ቢሆን ኖሮ ደግሞ ኤ አታገኝም ነበር፤ ኤ አግኝታለች፤ እንግዲህ አልተሳሳተችም። ከቢሯቸው ስወጣ ለደቂቃ ያህል እኔም አምኛቸው ነበር።

ወደ እርስዎ ቢሮ ደግሞ ስድስት ጊዜ መጥቻለሁ። ስድስቱንም ጊዜ ስብሰባ ላይ ነዎት። ጸሐፊዎ መልካም ሰው ናት፤ በአራተኛው ቀን ወንበር ሰጥታኛለች።

ምስጋና ስድስት፤ ስለ መጽሔቱ። ይህ አጭር ነው። ከፎቶግራፌ ሥር «ተማሪዎቻችን የኢንዱስትሪውን ችግር ይፈታሉ» የሚል ተጽፏል። የፈታሁት ችግር እትዬ መዝገብ ናቸው።

እንግዲህ ምስጋናዬ እዚህ ላይ ያበቃና ልመናዬ ይጀምራል። ከሁለት አንዱን ያድርጉልኝ። ወይ ያን ጥናት ኤፍ ሰጥተው ይጣሉልኝ፤ ወይም ጥናቱ የተማሪ ልምምድ መሆኑን፣ ሰውን ከሥራ ለማሰናበት እንዳልተዘጋጀ፣ ምልከታውም ስሕተት እንዳለበት ገልጸው አንድ ገጽ ይጻፉልኝ። እንዳይደክሙ ብዬ ገጹን ራሴ አርቅቄዋለሁ፤ አረንጓዴው ሳጥን ውስጥ ከሁሉም በላይ አስቀምጬዋለሁ፤ ፊርማና ማኅተም ብቻ ነው የጎደለው። ለመፈረም የሚወስድብዎት ጊዜ ዐሥር ሰከንድ አይሞላም፤ እርሱም «ይጽፋል» በሚለው ዓምድ ሥር በክብር ይመዘገብልዎታል።

ኤፍ ቢሰጡኝ ከጓደኞቼ ጋር ዘንድሮ እንደማልመረቅ አውቃለሁ። ልምምዱን እንደ አዲስ መጀመር፣ ሌላ ቦታ ሌላ ወንበር መፈለግ ሊኖርብኝ ነው። ለእናቴ ስነግራት መጀመሪያ ጎረቤት እንዳይሰማ መስኮቱን ዘጋች፤ ቀጥላ ከእኔ ጋር መነጋገሩን ለሁለት ቀን ተወች። በሦስተኛው ቀን የሰው ኮት ጨርቅ ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ፣ መቀሱን በእጇ ይዛ፣ እንደ ልማዷ ሳትቆርጥ ቆማ ስታየው ቆየች። ከዚያ ወደ እኔ ዞር አለችና አሁን በዚህ ሰዓት ብታዪኝ እኔንም ሥራ ፈት ልትዪኝ ነው ወይ አለችኝ። ምስክር ወረቀቱን ራሷ ከግድግዳው አውርዳ ከቁርጥራጭ ጨርቆቹ ጋር አስቀመጠችው። ጨርቁን ከቆረጠች በኋላ ግን ስለ እትዬ መዝገብ ጉልበት ጠየቀችኝ፤ ጥሩ ወጌሻ አውቃለሁ አለች።

የቀረው ጊዜ ሦስት ቀን ነው። ዛሬ ሰኞ ነው፤ ነገ፣ ከነገ ወዲያ፣ ከዚያ ሐሙስ። እርስዎ ሥራ የሚበዛብዎት ሰው እንደሆኑ አይጠፋኝምና ጸሐፊዎ በሰጠችኝ ወንበር ላይ ተቀምጬ እጠብቅዎታለሁ።

ስብሰባዎ ሁሉ እንዲሰምር፣ ቃለ ጉባኤዎ እንዳይጎድል፣ ቅጽዎ በየፋብሪካው እንዲባዛ ሳይሆን በአንድ ዓምድ እንዲበዛ እየተመኘሁ፣ እጅ ነሥቼ የምሰናበትዎት፣ ውጤቷ እስኪበላሽላት ድረስ ዕረፍት የሌላት ታዛዥ ተማሪዎ፣

ከሰው ኃይል አስተዳደር ትምህርት ክፍል፣ አራተኛ ዓመት

ግልባጭ፦
ለሬጅስትራር፣ መስኮት ሦስት (ስርዝ ድልዝ የለበትም)
ለፋብሪካው ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ
ለእናቴ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ደብዳቤውን ለመለጠፍ ስነሣ የሰው ኃይል ክፍሉ ሥራ አስኪያጅ ጸሐፊ ደወለችልኝ። ሥራ አስኪያጁ ለዋናው መሥሪያ ቤት የዕድገት ቦታ ታጭተዋል፤ የግል ማኅደራቸውን እስከ ነገ ማቅረብ አለባቸው፤ ሦስት ሰው ለአራት ቀን አርባ ሁለቱን መደርደሪያ ቢያተራምስም ማኅደሩ ሊገኝ አልቻለም። በጥናቴ ላይ የት እንዳለ መዝግቤ እንደሆነ ልትጠይቀኝ ነበር። አልመዘገብኩም፤ ዓምድ የለውም። በቀጥታ ወደ እትዬ መዝገብ መኖሪያ ቤት ሄድኩ። አንዳች ነገር እንዳይናገሩ፣ እስከ ሐሙስ አፋቸውን እንዲይዙ፣ ያን ጊዜ ማን ሥራ ፈት እንደሆነ እንደሚታይ ልመክራቸው ነበር ሐሳቤ። ገና ጀምሬ ሳልጨርስ፣ መደርደሪያ ዘጠኝ፣ ከታች፣ ከጡረተኞቹ ጋር ነው ያለው አሉ፤ ሥራ አስኪያጁ ራሳቸው አምና አውጥተው ሲመልሱ ያለቦታው ከትተውት ነው። «በይ ቶሎ ደውይላቸው፣ ቀኑ እንዳያልፍባቸው» አሉኝ። ደወልኩ፤ ተገኘ። ይህን ሲነግሩኝ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው፣ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣጥፈው ነበር። ልማድ ሆኖብኝ ሰዓቴን አየሁ፤ ልክ ዐሥር ሰዓት ነበር። እርስዎ በፈረሙበት ቅጽ መሠረት በዚያች ደቂቃ እትዬ መዝገብ ሥራ ፈት ነበሩ።